የአዳኞችና የዓሣ አጥማጆች ቍጥር ከዘመን ወደ ዘመን ስለ መለወጡ

ቍጥር ሁሉ የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱን ይዞ ጥያቄውን የዘነጋ ሰው፣ የተቈለፈ ሣጥን ይዞ ቍልፉን የጣለ ሰው ይመስላል። ስለዚህ መምህር ለደቀ መዛሙርቱ መደመርንና መቀነስን ካስተማረ በኋላ፣ ቍጥርን ከቍጥር ጋራ ማስተያየት መቼ እንደሚገባና መቼ እንደማይገባ ሊያስረዳቸው ያስፈልጋል።

የዚህ ነገር ምሳሌ በቅዱሳት መጻሕፍት ይገኛል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ፣ ኢዮአብ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን አገሩን ዞሮ ያመጣው የእስራኤል ተዋጊዎች ቍጥር በካልዕ ሳሙኤል በምዕራፍ 24፣ 800 ሺህ ተብሎ ተጽፏል። በቀዳማዊ ዜና መዋዕል በምዕራፍ 21 ግን 1 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ሆኖ ይገኛል፤ ደግሞም የሌዊና የብንያም ነገድ ከቈጠራው እንዳልገቡ ተጨምሯል። አስተዋይ አንባቢ ይህን ሲያይ ለመፍረድ አይቸኵልም፤ አስቀድሞ ማን እንደ ተቈጠረና ማን እንደ ቀረ ይመረምራል። ይኸው ምርመራ ለዛሬም ቈጠራ ይገባል።

ለዚህ ትምህርት የአደንና የዓሣ ማጥመድ ነገር የሚመች ነው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ዝሆን ወይም አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በአደባባይ ይፎክር ነበር፤ ወገኖቹም ይዘፍኑለት፣ ግዳዩንም እንደ ጀግንነት ይቈጥሩለት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጸሓፊ ወደ መንደር ገብቶ «አዳኝ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቆቅ እንኳ ያልገደለው «እኔ ነኝ» ለማለት ይቃጣው ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1944 የአራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 61 ወጣ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 541 ታወጀ። ያለ ፈቃድ ማደን የሚያስቀጣ ሆነ። ዛሬ ጸሓፊው መዝገብ ይዞ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ያለ ፈቃድ የሚያድነው ሰው «እኔስ ገበሬ ነኝ» ብሎ ይመልስለታል።

እንግዲህ የፊተኛው ቍጥር ስለ ክብር ከእውነተኛው ይበዛል፤ የኋለኛው ስለ ፍርሃት ያንሳል። ሁለቱን አስተያይቶ «አዳኞች አለቁ» የሚል ሰው፣ ያለቀው አዳኙ ይሁን ወይም እውነቱን የሚናገረው አያውቅም። ስሕተቱም ያለ ጉዳት አይቀርም። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር አይኖርም። አዳኝ የለም ተብሎ ጠባቂ ቢቀነስበት፣ በሐሰተኛ ቍጥር ምክንያት የጠፋውን እንስሳ ማንም መልሶ አያመጣውም።

የጥያቄው ስምም መልሱን ይለውጠዋል። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ቀድሞ በጕማሬ አደን የታወቁ ነበሩ። ይህ አደን ከቀረ ወዲህ ኑሯቸው የደንገል ታንኳ በመሥራት፣ ሰሌንና መሶብ በመሰለ የእጅ ሥራና ዓሣ በማጥመድ ሆነ። ስለ አደን ብቻ የሚጠይቅ ቈጣሪ ሕዝቡ የጠፋ ይመስለዋል፤ ስለ ዓሣ ብቻ የሚጠይቅ ደግሞ አዲስ ሕዝብ የመጣ ይመስለዋል። ሰዎቹ ግን የእነዚያው ልጆች ናቸው። ወራቱም እንዲሁ ነው። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊ ይበዛልና፣ በጾም የተጠየቀ የሐይቅ ዳር መንደርና በፋሲካ ማግስት የተጠየቀ መንደር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

ይህን ችግር በረጅም ዘመን መዝገብ ለማየት የአሜሪካ ምርመራ ይረዳል። የአሜሪካ መንግሥት በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1955 ጀምሮ፣ በየአምስት ዓመቱ ገደማ፣ ከሕዝቡ መካከል ስንት ሰው እንደሚያድንና ዓሣ እንደሚያጠምድ ያስጠይቃል። በ1985 አዳኞቹ 16 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ሆኑ፤ በ1991 ግን 14 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ሆኑ። ሲያዩት 2 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ሰው አደን የተወ ይመስላል። ነገር ግን በ1985 ሰዎች የተጠየቁት የአንድ ዓመት ሥራቸውን እንዲያስታውሱ ነበር፤ በ1991 ደግሞ በየጊዜው እየተጠየቁ አራት ወር ያህል ብቻ እንዲያስታውሱ ተደረገ። ረጅም ጊዜ አስታውስ የተባለ ሰው የአምናውን ከዘንድሮው ይቀላቅላልና፣ ቍጥሩን ወደ ማብዛት ያዘነብላል። ስለዚህ መርማሪዎቹ ራሳቸው የ1991ን ቍጥር ከቀደሙት ጋራ ማስተያየት እንደማይገባ አስታወቁ።

በ2016 ደግሞ አዳኞቹ 11 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ተባሉ፤ በ2022 ወደ 14 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ወጡ። በዚህ መካከል ጠያቂው መሥሪያ ቤት ተለውጧል፤ ፊት ለፊትና በስልክ ይደረግ የነበረው ጥያቄም አብዛኛው በኢንተርኔትና በፖስታ ሆኗል። ስለዚህ ጭማሪው ሁሉ የአዳኝ ነው ለማለት አይቻልም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ ባለ ብዙ ገንዘብና ባለ ብዙ ጸሓፊ የሆነ መንግሥት እንኳ አጠያየቁን በለወጠ ጊዜ የቀድሞው መለኪያ እንደሚጠፋበት ነው። የሚመሰገነው ግን ለውጡን አለመሸሸጉ ነው።

በአገራችንም የሕዝብ ቈጠራ ይህ ታይቷል። በ1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ያህል፣ በ1987 ዓ.ም. 53 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ያህል ተባለ። ልዩነቱ 10 ሚሊዮን ከ900 ሺህ ነው። ነገር ግን የፊተኛው ቍጥር ኤርትራን ይጨምር ነበር፤ የኋለኛው አይጨምርም። ኤርትራ ስትቀነስ የ1976ቱ ቍጥር 39 ሚሊዮን ከ900 ሺህ ያህል ይሆናልና፣ እውነተኛው ጭማሪ 13 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ያህል ነው። ወሰኑን ሳይጠይቅ የቀነሰ ተማሪ ስሌቱ ልክ ሆኖ ሳለ በ2 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ሰው ይሳሳታል።

በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ኮልፌ ቀራንዮም ያው ምሳሌ አለው። የከተማይቱ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 2,112,737፣ በ1999 ዓ.ም. 2,739,551 ሆኖ ተቈጠረ። ኮልፌ ቀራንዮ ግን ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመው በሁለቱ ቈጠራዎች መካከል በ1995 ዓ.ም. ነው። የሰፈሩን ማደግ ለማወቅ የሚሻ ሽማግሌ፣ አስቀድሞ የትኞቹ የቀድሞ ቀበሌዎች ወደ አዲሱ ወሰን እንደ ገቡ መመርመር አለበት። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት፣ የውሃም ቧንቧ የሚታደሉት በሕዝብ ቍጥር ነውና፣ ይህ ምርመራ ከንቱ ድካም አይደለም።

ስለዚህ መምህራን በመዝገብ ላይ ከቍጥሩ አጠገብ አምስት ነገር እንዲጻፍ ያስለምዱ፦ የተጠየቀው ቃል በሙሉ፤ የተጠየቁት ሰዎች ዕድሜና ወሰን፤ የተጠየቁበት ወር፤ እንዲያስታውሱ የታዘዙት የጊዜ ርዝመት፤ ጠያቂው ማን እንደ ነበረና እንዴት እንደ ጠየቀ። ሽማግሌዎችም ሲጠየቁ እውነቱን እንዲናገሩ መንደራቸውን ይምከሩ፤ ጠያቂው ደግሞ የተነገረውን ለቅጣት እንዳያውለው ይጠንቀቅ። ፍርሃት ባለበት ትክክለኛ ቍጥር አይገኝም።

መልመጃ። በኮልፌ ቀራንዮ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቤተ ሰቦች ይኖራሉና፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ሽማግሌ ሁለት ነገር ይጠይቅ። ፊተኛው፣ «በወጣትነትዎ አዳኝ ነበሩን?» የሚል ይሁን፤ ኋለኛው፣ «በሕይወትዎ አንድ ቀን እንኳ አውሬ አድነው ወይም ዓሣ አጥምደው ያውቃሉን?» የሚል ይሁን። መምህሩ ሁለቱን መልሶች በሰሌዳ ላይ ጐን ለጐን ያስጽፍ። ሽማግሌዎቹ እነዚያው ሲሆኑ ቍጥሩ ቢለያይ፣ ልጆቹ ምክንያቱን ራሳቸው ይናገሩ።