ሸክላ ስለ ምን ይሰነጠቃል? ዛጎልስ ስለ ምን ይችላል?

በመራዊና በጣና ዳር ባለው አገር የላስቲክ ጀሪካን እንስራን ከብዙ ቤት ቢያስወጣውም፥ የሸክላ ምጣድና ጀበና ዛሬም ይሠራል። ምጣድ ሲሰነጠቅ የሚጠፋው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ የሠሪዋ ድካምና የተተኮሰበት ማገዶም አብሮ ይጠፋል።

አስቀድሞ ጥንካሬንና ቻይነትን መለየት ያስፈልጋል። የተተኮሰ ሸክላ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቻይ አይደለም። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ ሸክላ ግን መጉበጥን ስለማያውቅ፥ የምቱ ኀይል በአንዲት ቀጭን ስንጥቅ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ስንጥቋን ወደ ፊት ይገፋታል። እንግሊዛዊው ሊቅ ግሪፊዝ ብርጭቆን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ዕቃውን የሚያደክመው ቀድሞ በውስጡ ያለው ደቃቅ ስንጥቅ መሆኑን አስረድቷል። ስንጥቅን ፈጽሞ ማጥፋት ስለማይቻል፥ ብልኀቱ መንገዱን መዝጋት ነው።

ይህም ብልኀት በፍጥረት ውስጥ ይገኛል። በውኃ የሚኖሩ አንዳንድ ባለ ዛጎል እንስሳት ቤታቸው በውስጥ በኩል እንደ ሉል ያብረቀርቃል። ይህ ገጽ በክብደቱ ከመቶው 95 እጅ የሚሆነው ከኖራ ድንጋይ ወገን የሆነ ተሰባሪ ማዕድን ነው፤ የቀረው እንስሳው ራሱ የሚያመነጨው ለስላሳ ሙጫ ነው። ማዕድኑ በስስ ቅጠል ተከፋፍሎ፥ በጎንደር ግንብ ድንጋዩ በኖራ እንደ ተያያዘ፥ በሙጫው ተያይዟል፤ ቅጠሎቹም እጅግ ስሶች ስለ ሆኑ 2000 ያህሉ ቢደራረቡ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ስንጥቅ ሲመጣ በየቅጠሉ ዳር ይጠመዘዛል፤ ቅጠሎቹ ጥቂት ይንሸራተታሉ፤ ሙጫው ይለጠጣል፤ ኀይሉም በመንገድ ያልቃል።

ሊቃውንትም ይህን ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ክሌግና ባልደረቦቹ ከሲሊኮን ካርባይድ የተሠራ ስስ ገበታ በግራፋይት እየቀቡና እየደራረቡ ተኮሱ፤ ስንጥቁም በየገበታው መካከል ወደ ጎን ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአሜሪካ በበርክሌይ ያሉ መርማሪዎች የአሉሚና ዱቄት በውኃ በጥብጠው አበረዱት። ውኃው በስስ በስስ ሲረጋ ዱቄቱን ወደ መካከል ገፋው፤ በረዶውን አስወግደው በስፍራው ፕላስቲክ ሞሉበት። የተገኘው ዕቃ ለመሰበር የሚፈልገው ኀይል፥ ከተሠራባቸው ከሁለቱ ነገሮች ይልቅ ከ300 እጥፍ በላይ ሆነ።

ነገር ግን የአሳቡ ሥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግድግዳ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ የሚቦካው፥ ጭዱ የሚሰነጠቀውን ጭቃ ግራና ቀኝ ይዞ እንዲያቆይ ነው። ሸክላ ሠሪም በጭቃው ላይ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ትጨምራለች። ገሉ ጭቃው ሲደርቅ ብዙ እንዳይኮማተር ያደርጋል፤ ከተተኮሰም በኋላ ስንጥቅ እየተጋጨ መንገዱን ያጣምማል፤ ስለዚህ ምጣዱ እሳትና ብርድ ሲፈራረቁበት ይችላል። ሲበዛ ግን ዕቃውን ያላላዋል፤ ልኩን የምታውቀው እጇ ናት።

አዳም ከምድር አፈር እንደ ተሠራ እያነበብን ጭቃ የሚይዝን እጅ መናቃችን የሚያስደንቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሥራ ዐዋቂን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ።

መምህሩ ይህን በክፍል ሊያሳይ ቢወድ፥ አንዱን በትር ከጥሩ ጭቃ ብቻ፥ ሁለተኛውን ሦስተኛ እጁን የተወቀጠ ገል ጨምሮ ያሠራ፤ ሁለቱም በአንድ እሳት ይተኮሱ። ከዚያም በመዶሻ ሰብሮ የተሰበረውን ገጽ ለተማሪዎች ያሳይ፤ ስንጥቁ የሄደበትን መንገድ በጣታቸው ይዳስሱ። በአቅራቢያው ምጣድ የምትሠራ እመቤት ካለች ወደ ክፍሉ ይጥራት፤ በመምህሩ ወንበር ተቀምጣ የገሉን ልክ እርሷ ታስረዳቸው።