ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

(ወጣቷ የ14 ዓመት ወንድሟን ለክረምቱ ሮቦቲክስ ልታስመዘግበው ትፈልጋለች። የምታማክራቸው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቷን ነው።)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ሦስት ቦታ ጠይቄያለሁ። አንዱ ኮዲንግ ብቻ ነው የሚያስተምረው። ሁለተኛው ሮቦቲክስ ከነሰርተፊኬቱ ነው። ሦስተኛው ልጆቹን በቡድን አሠልጥኖ ውድድር ያስገባል። የቱ ይሻለዋል?

ጋሼ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ልጁ የሠራው አልንቀሳቀስ ሲለው ማን ነው የሚጠግነው? «አስተማሪው ወዲያው ያስተካክልለታል» ካሉሽ ብርሽን ይዘሽ ውጪ። «ራሱ እስኪደርስበት እናቆየዋለን» ካሉሽ ተቀመጪና ሌላውን ጠይቂ።

ወጣቷ፦ አስተማሪ ቢያግዘው ምን ክፋት አለው?

ጋሼ፦ ማገዝማ ደግ ነው። ከልጁ እጅ ነጥቆ ሽቦውን ነቅሎ ሰክቶ «ይኸው ሠራ» ማለት ግን ልጁን ተመልካች ማድረግ ነው። ከሁሉ ቀላል የሆነውን እንውሰድ፤ ቀይ የኤልኢዲ መብራት በአርዱዊኖ ቦርድ ማብራት። ቦርዱ 5 ቮልት ይሰጣል፣ መብራቷ የምትወስደው ወደ 2 ቮልት ነው። የቀረው 3 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ መውደቅ አለበት። 220 ኦም ከገባ፣ 3 ለ220 ተካፍሎ ወደ 14 ሚሊአምፒር ይመጣል፤ ይህ መብራቷንም ቦርዱንም አይጎዳም። ልጁ ይህን በወረቀት አስልቶ፣ በመልቲሜትር ለክቶ ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ ካየ፣ ከዚያ በኋላ የኦምን ሕግ ለፈተና መሸምደድ አያስፈልገውም። አልበራ ካለችውም እግሮቿን ገልብጦ ሰክቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈልጎ ካገኘው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ወጣቷ፦ እሱ ግን የሚያወራ ሮቦት ነው የሚመኘው፤ እንደ ሶፊያ።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ፣ እዚህ መድረሳችን አይቀርም! ሶፊያ አዲስ አበባ የመጣችው በ2010 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። የሠራት ሆንግ ኮንግ ያለው ሃንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን፣ በሶፍትዌሯ ላይ ግን እዚሁ አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ ውስጥ የሚሠሩ የእኛ ልጆች ተሳትፈዋል። ታዲያ ከተማው ምን አወራ? ፊቷን፣ ዐይኗን፣ አማርኛ ትችላለች አትችልም የሚለውን። እነዚያ ልጆች ምን ጻፉ፣ እንዴት ሠሩ ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? ከንግግሯ ብዙው አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑንስ ለልጁ ያስረዳ ወላጅ ስንት ነው? የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላው ነው። የአካሏን ክፍሎች የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፍቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሰዉ እንደ ተራ ወሬ አውርቶት አለፈ። እኔ ግን ከጉብኝቱ ሁሉ ትልቁ ትምህርት እሱ ነበር እላለሁ! ሮቦት ማለት ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ የሚፈታና የሚገጠም፣ ዕቃው ከጎደለ የሚቆም ማሽን መሆኑን ከዚህ የተሻለ ምን ያሳያል? አስተማሪ ነኝ የሚል ሁሉ ያንን ዜና ይዞ ልጆቹ ፊት መቆም ነበረበት። አልቆምንም። ወላጁም ሮቦቲክስ ሲባል የሚያወራ አሻንጉሊት መጠበቁን ቀጠለ፤ ብዙ ማሠልጠኛም የሚጠበቅበትን አቀረበለት። በምረቃው ቀን ልጁ በስልክ የሚነዳ መኪና ታቅፎ ይቆማል፣ እናት ፎቶ ታነሳለች፣ መኪናው ለቀጣዩ ዙር ሳጥኑ ውስጥ ይመለሳል። ልጁ ወረቀት ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህ ልጆችን መበደል ነው።

ወጣቷ፦ ኮዲንግ ብቻ የሚለውስ?

ጋሼ፦ ለእሱ ገንዘብ አታውጪ። ስክራች የሚባለው የልጆች ኮዲንግ መማሪያ በነፃ ነው፣ በአማርኛም ይሠራል። ከፍ ሲል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ፤ እሱም በነፃ ነው። ሎጎ የሚባለው የልጆች የኮዲንግ ቋንቋ ከተጻፈበት ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌጎ ማይንድስቶርምስ የሚባለው የሮቦት መገጣጠሚያ መመረት እስካቆመበት እስከ 2022 ድረስ ስንት ዓይነት መሣሪያ መጥቶ ሄዷል፤ ልጅ እየሠራ ይማራል የሚለው ሐሳብ ግን አልተለወጠም። ገንዘብ የሚከፈለው ቤት ውስጥ ለማይገኝ ነገር ነው፤ ለዕቃው፣ አብረውት ለሚሠሩት ልጆችና አጠገቡ ሆኖ ለሚያይለት ሰው።

ደግሞ ኮዱ ከዕቃው ጋር ሲገናኝ ነው ጉዱ የሚወጣው። ርቀት የሚለካውን የድምፅ ሴንሰር ተመልከቺ። ጆሮ የማይሰማውን የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይልካል፣ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል፤ ልጁ ጊዜውን በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል፣ ድምፁ ሄዶ መጥቷልና። መጽሐፉ 343 ሜትር በሴኮንድ ይለዋል፤ ያ ግን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የእኛ ጠዋት 10 ዲግሪ ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 337 ይወርዳል። እና ሁለት ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይነበባል። ኮዱ ትክክል ነው፣ ሽቦውም ትክክል ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ይህን ራሱ ያገኘ ልጅ ፊዚክስን ከደጁ አገኘው ማለት ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ውድድሩ ያለበትን ልያዝለት?

ጋሼ፦ እሱን ያዢ፣ ግን ሄደሽ ሥራቸውን እዪ። በብዙ ቡድን አንድ ቀልጣፋ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ አይለቅም፣ ሴቶቹ ፖስተር እንዲያሳምሩ ይደረጋል፣ የቀሩት ቆመው ያያሉ። ሥራው በየሳምንቱ ይቀያየራል ወይ በይ። ለአንድ ቦርድ ስንት ልጅ እንደሚደርስ ቁጠሪ፤ ከሦስት በላይ ከሆነ ወንድምሽ እጁን አያስገባም። የሠሩትን ቤት ይወስዳሉ ወይ በይ። አይወስዱም ካሉሽ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ፕሪንተር ግዢለት፤ ሞተሩ፣ ጥርሱ፣ ቀበቶው፣ ዘንጉ ሁሉ ይሠራለታል። የኃይል ሳጥኑን ግን እንዳይከፍት ንገሪው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ይቆያል። እሱን ለእኔ ያምጣው፣ አብረን እንፈታዋለን።