አንደበታችንስ ጾሟል ወይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ተከልክለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን፣ አስቀድሰን ቤት ስንገባ ቡና ይፈላል። በማንኪራና በቦንጋ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቡና ያለ ጎረቤት አይጠጣም። የቡና መገኛ ማንኪራ ናት እያልን እንመካለን፤ በ2002 ዓ.ም. የካፋ ደን በዩኔስኮ ሲመዘገብም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከሲኒው ጋር ከአፋችን ምን ይወጣል? አቦሉ ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ይወራል። በቶናው የሰው ስም ይነሣል። በረካው ላይ ሲደረስ የዚያ ሰው ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ ቀርቷል። ታዲያ ምኑን ጾምነው?

ሐሜት ሁሉ ኃጢአት ነው። በካፋ ግን ልማድ ሆኖ ኃጢአትነቱ የተረሳ አንድ ንግግር አለ። ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ለዘመናት ከማዕድና ከጋብቻ ተለይተው ኖረዋል፤ ደጅ ቆመው ምግብ በቅጠል ሲሰጣቸው ኖሯል። ይህ ሁሉ መለያየት የቆመው በምን ላይ ነው? «የዱር አውሬ ይበላሉ፣ ርኩስ ናቸው» በሚል ወሬ ላይ ነው። ግንብ የለውም፣ አጥር የለውም፤ ከእናት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቃል ብቻ ነው። ልጁም ቡና ሲጠጣ አጠገብ ተቀምጦ የሰማውን ይዞ ሄዶ፣ ትምህርት ቤት አብሮት በሚቀመጠው ልጅ ላይ ይወረውረዋል።

ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፍ የሚገባው ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው መሆኑን አስተምሯል (ማቴ. 15፥11)። ልብ በሉ! ሌላውን በሚበላው የምንከስሰው እኛ፣ በምንናገረው ረክሰን ተገኘን ማለት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም በኢዮጴ ራእይ አይቶ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት የገባው፣ ማንንም ሰው ርኩስ ማለት እንደማይገባ ተረድቶ ነው (ሐዋ. 10፥28)። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ እውነተኛ ጾም ሲናገር በሰው ላይ ጣት መቀሰርንና ክፉ ንግግርን መተውን አብሮ ቆጥሯል (ኢሳ. 58፥9)። ደግሞስ በየጸሎታችን «አባታችን» የምንለው እነርሱን አውጥተን ነው እንዴ?

«እኔ ሰማሁ እንጂ አልተናገርኩም» የሚልም አይጠፋም። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ከአንደበት ጋር ጆሮም እንዲጾም አስተምሯል። ሰሚ ያጣ ሐሜተኛ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፣ ሌላ ምን ያደርጋል!

እንግዲህ ወሬው ሲነሣ ሲኒውን አስቀምጦ «ጾም ነው፣ ይቅርብን» ማለት ነውር አይደለም። ለንስሐ አባታችሁ ስትናገሩም «ሐሜት አለብኝ» ብላችሁ በጅምላ አትለፉ፤ ስለ ማን ምን እንዳላችሁ ተናገሩ። ቀኖናውን ተቀብላችሁ ስትመለሱ ያንን ሰው ቡና ጥሩት፤ ደጅ ሳይሆን ቤት አስገብታችሁ፣ እናንተ በምትጠጡበት ሲኒ። እስከ ፋሲካ አታቆዩት፤ ለቡና ቁርስ ቆሎና ንፍሮ ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።