ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን? የውሃና የአፈር ብክለት በጌዴኦ ምድር

መግቢያ

የጌዴኦ ዞን በቡናው ስሙ የገነነ፣ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደጋግፈው በሚያድጉበት የእርሻ ሥርዓቱ የሚታወቅ አካባቢ ነው። ይህ ባህላዊ የመሬት አያያዝ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዞኑ ከፍታዎች የሚነሱ ምንጮችና ጅረቶች ወደ ምዕራብ እየወረዱ፣ እንደ ገላናና ጊዳቦ ባሉ ወንዞች አማካይነት ወደ አባያ ሐይቅ ይገባሉ። በመንገዳቸው ላይ ሰውና ከብት ይጠጣቸዋል፤ ልብስ ይታጠብባቸዋል፤ ቡናም ይታጠብባቸዋል።

አንድ ሰው የምንጭ ውሃ በጣሳ ቀድቶ ጥርት ብሎ ቢያገኘው «ንጹሕ ነው» ብሎ ይጠጣዋል። ደፍርሶ ወይም ሸትቶ ቢያገኘው ደግሞ ይደፋዋል። ዓይንና አፍንጫ በርግጥ የመጀመሪያዎቹ የብክለት መመርመሪያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ለጤና እጅግ አስጊ ከሆኑት በካይ ነገሮች ብዙዎቹ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የላቸውም። በዚህ ጽሑፍ በዓይን የሚታየው የቡና ማጠቢያ ፍሳሽና በዓይን የማይታዩት ከባድ ብረቶች በምን እንደሚለያዩ፣ በምን እንደሚገናኙና እንዴት እንደሚለኩ እንመለከታለን።

የሚበሰብስና የማይበሰብስ ብክለት

በካይ ነገሮችን በሁለት ከፍሎ ማየት ለግንዛቤ ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ የሚበሰብሱት ናቸው። የቡና ገለፈት፣ የቄራ ተረፈ ምርት፣ የእንስሳት እዳሪና የመሳሰሉት በረቂቅ ተሕዋስያን ተሰባብረው በመጨረሻ ወደ ውሃ፣ ወደ ጋዝና ወደ ቀላል ጨዎች ይለወጣሉ። ጉዳታቸው ከባድ ቢሆንም ምንጫቸው ሲቆም ወንዙ በጊዜ ሂደት ራሱን ያጸዳል።

ሁለተኛዎቹ የማይበሰብሱት ናቸው። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ ክሮሚየምና የመሳሰሉት «ከባድ ብረቶች» በዚህ ክፍል ይመደባሉ። አርሰኒክም በኬሚስትሪ ባሕርዩ ሙሉ በሙሉ ብረት ባይሆንም በመርዛማነቱ ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ ባክቴሪያም ሆነ እሳት ወደ ሌላ ነገር ሊለውጣቸው አይችልም። ከውሃ ወደ ደለል፣ ከደለል ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ ሰው አካል ይዛወራሉ እንጂ አይጠፉም። ለምሳሌ እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከሽያጭ የወጣው እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ከመኪና ጭስ ጋር ወጥቶ በመንገድ ዳር አፈር ላይ ያረፈው እርሳስ ግን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ አልጠፋም። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን አቋርጦ እንደሚያልፍ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሩቅ ምሳሌ አይሆንም።

የሚያስፈልገው መጠንም እጅግ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይገባል የሚለው የእርሳስ ከፍተኛ መጠን በሊትር 0.01 ሚሊግራም፣ የካድሚየም ደግሞ 0.003 ሚሊግራም ነው። ይህን በሚቀርበን መለኪያ እንመንዝረው። አንድ ግራም እርሳስ ብቻ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ 100,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 5,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ እስከ ወሰኑ ድረስ ሊበክል ይችላል። ከእነዚህ ጀሪካኖች አንዱን እንኳ በዓይንም ሆነ በምላስ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ከቡና ማጠቢያው በታች ያለው ጅረት

አሁን ወደሚታየው ብክለት እንመለስ። በጌዴኦ እሸት ቡና በብዛት የሚለቀመው በጥቅምትና በታኅሣሥ ወራት መካከል ነው። ለታጠበ ቡና የሚውለው እሸት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ተወስዶ በማሽን ይፈለፈላል፤ ገለፈቱ ይለያል፤ ፍሬው ላይ የቀረው የሚያዳልጥ ጣፋጭ ሽፋን በገንዳ ውስጥ እንዲብላላ ይደረጋል፤ ከዚያም በብዙ ውሃ ይታጠባል። ከእሸቱ ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ገለፈት ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ለገበያ ከሚቀርበው ቡና የሚበልጥ ተረፈ ምርት በጣቢያው ይቀራል ማለት ነው።

በፍሳሹ ውስጥ የሚገኘው ስኳር ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ባክቴሪያዎቹ ይህን ምግብ ሲመገቡ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። አንድ ፍሳሽ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚበላ የሚለካው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአምስት ቀን በማቆየት ሲሆን፣ ውጤቱ የሥነ ሕይወታዊ ኦክስጅን ፍላጎት ይባላል። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ፍላጎት ብዙውን ጊዜ በሊትር ጥቂት መቶ ሚሊግራም ነው። የተጠራቀመ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሲሆን እስከ 20,000 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል።

የእነዚህን ቁጥሮች ትርጉም ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7.5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። አንድ ሊትር ፍሳሽ 3,000 ሚሊግራም ኦክስጅን ቢፈልግ፣ ይህን ለማርካት በ400 ሊትር የጅረት ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሙሉ ያስፈልጋል። በተጨማሪም የለቀማው ወቅት የበልግና የክረምት ዝናብ አልፎ የጅረቶች ውሃ እየቀነሰ ከሚሄድበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ፍሳሹ በሚበዛበት ወር የሚያቀጥነው ውሃ ያንሳል። ጅረቱ የሚጠቁረው፣ ዓሣውና ጥቃቅን የውሃ ነፍሳቱ የሚያልቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ኦክስጅን ሲያልቅ ብረት ይነቃል

ብዙዎች የቡና ፍሳሽ ጉዳት እዚህ ላይ ያበቃል ብለው ያስባሉ። የሚታየውና የማይታየው ብክለት የሚገናኙት ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የቡና ፍሳሽ በራሱ የከባድ ብረት ምንጭ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ስኳሩ ሲብላላ ወደ ኦርጋኒክ አሲድነት ስለሚለወጥ የፍሳሹ የፒኤች መጠን ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል። የፒኤች መለኪያ በእያንዳንዱ እርከን በአሥር እጥፍ ስለሚለያይ፣ ፒኤቹ 4 የሆነ ፍሳሽ ፒኤቹ 7 ከሆነ ንጹሕ ውሃ ይልቅ በ1,000 እጥፍ አሲዳማ ነው። አብዛኞቹ ብረቶች ደግሞ በአሲድ ውስጥ የመሟሟት ዝንባሌያቸው ይጨምራል።

ሁለተኛው መንገድ ኦክስጅን በማለቁ የሚከፈት ነው። የጌዴኦን ደጋና ወይና ደጋ አፈር ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ከእርሱም ጋር የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ይገኛል። እነዚህ ኦክሳይዶች እንደ እርሳስና አርሰኒክ ያሉ ንጥረ ነገሮችን በገጻቸው ላይ አጣብቀው የመያዝ ችሎታ አላቸው። አፈሩ አየር እስካገኘ ድረስ የተያዘው እንደተያዘ ይቆያል። ኦክስጅን ሲያልቅ ግን በፍሳሽ የተጥለቀለቀው መሬት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለመተንፈስ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። በመጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝን፣ ከዚያም ብረትን፣ በኋላም ሰልፌትን ይጠቀማሉ። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሚመጣው ሰልፌት ላይ ሲደረስ ነው። ስለዚህ ሽታው በአፍንጫችን ሲደርስ፣ ማንጋኒዙና ብረቱ ከአፈሩ ተላቅቀው መሟሟት ጀምረዋል ማለት ነው። በእነርሱ ላይ ተጣብቆ የነበረውም አብሮ ሊለቀቅ ይችላል። ይህ ውሃ ዝቅ ብሎ እንደገና አየር ሲያገኝ በድንጋይ ላይ ብርቱካናማ ዝቃጭ ይተዋል፤ ነጭ ልብስም ያበላሻል።

የተለቀቀው ማንጋኒዝ ለሰውነት በጥቂቱ የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ ሲበዛ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት እንደሚጎዳ የሚያሳዩ መረጃዎች በመጠናከራቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ጊዜያዊ ወሰኑን በሊትር 0.08 ሚሊግራም አድርጓል። በመሆኑም ከማጠቢያ ጣቢያ በታች፣ ወይም ፍሳሽ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ አጠገብ የሚፈልቅ ምንጭ ጥርት ብሎ ቢታይም መመርመር አለበት።

ከሌሎች አካባቢዎች የምንማረው

ወንዝ የተሸከመው ብረት ወደ ማዕድ እንዴት እንደሚደርስ የአዲስ አበባ አቃቂ ተፋሰስ ያስተምረናል። የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ በሚሸከሙት ወንዞች ዳር አትክልት ለብዙ ዓመታት በመስኖ ሲለማ ኖሯል። ተመራማሪው ፍስሃ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዚያ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ የሚገኙትን ብረቶች መርምረዋል። እንደ ሰላጣና ጎመን ያሉ አትክልቶች ከአፈር ካድሚየምን በቀላሉ ስለሚስቡ፣ ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ ለተመጋቢው አስጊ ሊሆን ይችላል።

በጃፓን የጂንዙ ወንዝ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም ተሸክሞ የሩዝ ማሳዎችን ያጠጣ ነበር። ያንን ሩዝ ለዓመታት የተመገቡ ሰዎች፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎድቶ አጥንታቸው እየሳሳ ይሰበር ነበር። በሽታው ከሕሙማኑ ጩኸት «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ ትርጉሙም «ያመኛል፣ ያመኛል» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት መንስኤው ካድሚየም መሆኑን ያወቀው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ጎረቤታችን ስንመለስ፣ በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ በሚገኘው የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ከብቶቻቸው ቅሬታ ለዓመታት ሲያሰሙ ቆይተዋል። ከተቃውሞ በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማውጫው ፈቃድ ታግዷል፤ ሥራው ከጊዜ በኋላ እንደገና ተጀምሯል። በጂንዙም ሆነ በለገደምቢ የሕዝቡ ሕመም ቀድሞ ታየ፤ ምርመራው የተከተለው ዘግይቶ ነው። ሳይንስ ሊገለብጠው የሚገባው ይህንን ቅደም ተከተል ነው።

የሚለካው እንዴት ነው?

የጅረት ጥናት ቢያንስ ሦስት ቦታዎችን ይፈልጋል፦ ከፍሳሹ መግቢያ በላይ፣ መግቢያው ላይ፣ እና ዝቅ ብሎ። የላይኛው ናሙና ከሌለ የታችኛው ውጤት ከተፈጥሮ ይሁን ከጣቢያው የመጣ መለየት አይቻልም። ናሙናው በለቀማ ወቅትም፣ ከለቀማ በኋላም፣ በዝናብ ጊዜም ሊወሰድ ይገባል። በአንድ ቀን የተወሰደ አንድ ጠርሙስ ውሃ የሚናገረው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው። ደለሉ ግን የብዙ ዓመታትን ታሪክ ስለሚይዝ አብሮ ይመረመራል።

ለብረት ምርመራ የሚሆነው በአሲድ የታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ብረቶቹ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቁ ናሙናው ላይ ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮ ፒኤቹ ከ2 በታች እንዲሆን ይደረጋል። በቤተ ሙከራ የአቶሚክ አብሶርፕሽን መሣሪያ ናሙናውን በከፍተኛ ሙቀት ወደ ነጻ አቶሞች ይለውጠዋል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን የብርሃን ሞገድ ብቻ ይመጣል፤ ለምሳሌ ካድሚየም 228.8 ናኖሜትር ርዝመት ያለውን። የተመጠጠው ብርሃን በበዛ ቁጥር የንጥረ ነገሩ መጠንም ይበዛል።

ምን ይደረግ?

በቤት ውስጥ አንድ የተለመደ ስህተት መታረም አለበት። ውሃ ማፍላትና ክሎሪን መጨመር ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንን ስለሚገድሉ ሊቀጥሉ ይገባል። ብረትን ግን አያስወግዱም። እንዲያውም ሲፈላ ውሃው ስለሚተን ብረቱ በቀረው ውሃ ውስጥ በመጠኑ ይከማቻል። ስለዚህ ለብረት የሚበጀው ምንጩን መጠበቅና ማስመርመር ነው።

በማጠቢያ ጣቢያዎች ደግሞ ውሃ ቆጣቢ የመፈልፈያ ማሽኖችን መጠቀም፣ ውሃውን ደጋግሞ ማዘዋወርና ገለፈቱን ከውሃ ለይቶ መያዝ የፍሳሹን መጠን ይቀንሳሉ። የቀረውን ፍሳሽ በኖራ አሲድነቱን አብርዶ በተከታታይ የማጥለያ ገንዳዎች ማሳለፍ ይቻላል፤ ቬቲቨር ሳር የተተከለበት ረግረግም ይረዳል። የፍሳሽ ጉድጓድ ከምንጭ በላይ መቆፈር ግን ብክለቱን ከዓይን ሰውሮ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ መላክ ነው። ገለፈቱ በሚገባ ከተብላላ ለቡናና ለእንሰት ጥሩ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል።

በሕግ ረገድም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ነገርን ወደ አካባቢ መልቀቅን ይከለክላል፤ የበከለውም ለማጽዳት ኃላፊነት አለበት። አዋጁን ለመተግበር ግን በየወቅቱ የሚሰበሰብ አስተማማኝ ቁጥር ያስፈልጋል። ይህ የዩኒቨርሲቲዎችና የተማሪዎቻቸው ድርሻ ነው።

ማጠቃለያ

ቡና የጌዴኦ ገበሬ የልጆቹ ደብተር፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የክፉ ቀኑ መጠባበቂያ ነው። ውሃው ደግሞ ሕይወቱ ነው። ሳይንስ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አይጠይቀውም። የሚጠይቀው ሁለቱ አንድ ጅረት እየተጋሩ መሆናቸው እንዲታወቅና፣ ያ ጅረት ጥርት ባለበት ወቅትም እንዲለካ ነው። ጠረኑ በታኅሣሥ የሚያስቆጣን ፍሳሽ በበልግ ዝናብ ታጥቦ ይረሳል። በደለሉና በአፈሩ ውስጥ የቀረው ብረት ግን በዚያው ይቆያል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ከጣሳው ከመጎንጨታችን በፊት «ጥርት ብሏል ወይ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ከየት መጣ? በምንስ ላይ አለፈ? ማንስ ለካው?» ብለን የመጠየቅ ልማድ እናዳብር እንላለን።