የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር አለው? በቁጥሩ እንፈልገው

ሊኑክስ በጫናችሁበት ላፕቶፕ ዋይፋይ አልመጣ ሲል፣ የላፕቶፑን ሞዴል ይዛችሁ ፍለጋ አትግቡ። ሞዴላቸው አንድ ሆኖ የአንዱ ካርድ የኢንቴል፣ የሌላው የሪልቴክ ሊሆን ይችላል። ከርነሉ የሚያየው ካርዱ ራሱ የሚሰጠውን ቁጥር ነው።

ተርሚናል ክፈቱና «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጻፉ። ከዝርዝሩ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ፈልጉ። መጀመሪያ በቅንፍ የምታገኙት 0280 የዕቃውን ዓይነት ብቻ ስለሚናገር እለፉት። ከስሙ ቀጥሎ ግን፣ ለምሳሌ፣ 8086፡2723 የሚል ይመጣል። ጻፉት። 8086 የአምራቹ፣ የኢንቴል፣ ቁጥር ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰርም የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ነው። 2723 ደግሞ የካርዱ ነው፤ ኤኤክስ200 የተባለው።

እያንዳንዱ ድራይቨር የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የካርዱ ቁጥር ከእነዚህ ዝርዝሮች ጋር ይመሳከራል፤ የሚገጥም ከተገኘ ድራይቨሩ ይጫናል።

አሁን ከመስመሩ ሥር ያለውን እዩ። «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» ብሎ ስም ከጠራ ድራይቨሩ ካርዱን ይዞታል። «ከርነል ሞጁልስ» የሚለውም ከሌለ ከርነሉ ካርዱን አያውቀውም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የከርነሉ ማርጀት ነው፤ ኤኤክስ200 ድጋፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ከርነል 5.1 ነው። የሚያደናግረው ሦስተኛው ነው፦ ሞጁሉ ተጠቅሷል፣ ሥራ ላይ ግን የለም። ያን ጊዜ «ዲሜሴጅ» በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉን መልእክቶች አንብቡ። «ፈርምዌር» የሚል ስሕተት ካገኛችሁ የጎደለው ድራይቨሩ አይደለም፤ ካርዱ በራሱ ውስጥ የሚያስኬደው፣ በፋይል መልክ ለብቻው የሚመጣ ፕሮግራም ነው።

ዴቢያን ለረጅም ዓመታት ይህን ፋይል፣ ነፃ ሶፍትዌር አይደለም ብሎ፣ ከዋናው መጫኛው ያስቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው፣ በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ አብሮ እንዲመጣ ሆነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ፤ ኢንተርኔቱ ዋይፋይ ብቻ የሆነ ሰው ዋይፋይ የሚያስነሣውን ፋይል ከየት ያወርዳል?

ፋይሉ ለጎደላችሁ፣ የአንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስላለ ኢንተርኔቱ ወዲያው ይገባል፤ የፈርምዌሩን ጥቅል አውርዳችሁ ጫኑና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሡት።