ከቶኪዮ እስከ ሂሮሺማ፦ የጃፓን የቤት ምግብ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምግብ ነው። ምግብ የአንድን ሕዝብ የአየር ጠባይ፣ ታሪክና ያሳለፈውን ችግር ይናገራል። ለምሳሌ እንዲሆነን ጃፓንን መርጠናል።

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ
ሀ/ የጃፓን ቤተሰብ በየዕለቱ ምን እንደሚመገብ ትናገራላችሁ፤
ለ/ ችግር አዲስ ምግብ እንዴት እንደሚያስገኝ ታስረዳላችሁ፤
ሐ/ የአንድን ምግብ አሠራር በቅደም ተከተል ትጽፋላችሁ።

1. አገሩና ማዕዱ

ጃፓን በምሥራቅ እስያ የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ሆካይዶ፣ ሆንሹ፣ ሺኮኩና ኪዩሹ ናቸው። አብዛኛው መሬቷ ተራራማ በመሆኑ የሚታረሰው ጥቂት ነው። ባሕሩ ግን በየአቅጣጫው ቅርብ ነው። ስለዚህ የማዕዱ መሠረት ሩዝ፣ ዓሣ፣ አትክልትና አኩሪ አተር ሆነ።

የቤት ማዕድ ደንብ «ኢቺጁ ሳንሳይ» ይባላል፤ «አንድ ሾርባ፣ ሦስት ማባያ» ማለት ነው። ሩዙ እንደ እኛ እንጀራ የማይቀር ስለሆነ በቁጥሩ ውስጥ አይገባም። እኛ ከአንድ ትሪ ስንቋደስ፣ ጃፓኖች ለእያንዳንዱ ሰው ሩዙንና ሾርባውን በየራሱ ጎድጓዳ ሳህን ያቀርባሉ። በጉርሻ ፈንታ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይዘው ይመገባሉ። ከመብላታቸው በፊት «ኢታዳኪማስ»፣ ከበሉ በኋላ «ጎቺሶሳማ» ብለው ያመሰግናሉ።

የሾርባው ማጣፈጫ «ሚሶ» ይባላል። የተቀቀለ አኩሪ አተር ከጨውና «ኮጂ» ከሚባል ሻጋታ ካደገበት ሩዝ ወይም ገብስ ጋር ተቀላቅሎ ለወራት ይቀመጣል። የእኛ እናቶች በእርሾ ሊጥ እንደሚያቦኩ ሁሉ፣ እዚያም ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ሥራውን ይሠራሉ። የሾርባው ውኃ ደግሞ «ዳሺ» ይባላል፤ «ኮምቡ» ከሚባል የባሕር ውስጥ ተክልና ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ ይዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ከኮምቡ ጣዕም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ጣዕሙንም «ኡማሚ» አሉት። ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከጨዋማና ከመራራ ቀጥሎ አምስተኛው ጣዕም ይህ ነው።

2. ከአንድ ቤተሰብ ጋር ጉዞ

እስቲ በሐሳባችን አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ያሉበትን ቤተሰብ ተከትለን እንጓዝ።

ቶኪዮ፦ ከተማዋ እስከ 1868 ድረስ ኤዶ ትባል ነበር። ቤተሰባችን እዚህ ሱሺ ይበላል። ጥንት ሱሺ ማለት እንዳይበላሽ በሩዝ ውስጥ ለወራት የሚቀመጥ ዓሣ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን የኤዶ ነጋዴዎች ኮምጣጤ የገባበትን ሩዝ በእጃቸው እየጨበጡ፣ ዓሣ እያስቀመጡበት በመንገድ ዳር ለቸኮለ ሠራተኛ መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚበላው ምግብ የጉልት ምግብ ነበር ማለት ነው።

ኦሳካ፦ ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ የሚወስደው ፈጣን ባቡር «ሺንካንሰን» ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። በኤዶ ዘመን የየክፍለ አገሩ ሩዝ የሚከማችባትና የሚሸጥባት ከተማ ስለነበረች ኦሳካ «የአገሪቱ ማድ ቤት» ተብላለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ተራበ። ሞሞፉኩ አንዶ የተባለ ሰው በኦሳካ ሰዎች አንድ ሳህን ትኩስ ኑድል ለማግኘት በብርድ ተሰልፈው አየ። ብዙ ሞክሮም በ1958 በፍጥነት የሚደርስ ኑድል ፈጠረ። ምሥጢሩ ይህ ነው፦ የበሰለው ኑድል በጋለ ዘይት ሲጠበስ በውስጡ ያለው ውኃ ተኖ ይወጣና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። በኋላ የፈላ ውኃ ሲፈስበት ውኃው በእነዚያ ቀዳዳዎች ይገባና ኑድሉ ይለሰልሳል። በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ የምናየው ኑድል የመጣው ከዚህ ሥራ ነው።

ሂሮሺማ፦ ነሐሴ 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ተጣለ። ከተማዋ ወደመች፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ለተረፉት ሩዝ ጠፋ፤ በእርዳታ የሚመጣ የስንዴ ዱቄት ግን ይገኝ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ለልጆች የሚሸጥ ስስ ቂጣ ስለነበረ፣ ሰዎች ያንኑ በብረት ምጣድ ላይ መጋገር ጀመሩ። ኑሮ ሲሻሻል ጥቅል ጎመን፣ ሥጋ፣ ኑድልና እንቁላል እየደረቡበት «ኦኮኖሚያኪ» የሚባለው የከተማዋ መታወቂያ ምግብ ሆነ። የስሙ ትርጉም «የወደድከውን ጋግር» እንደ ማለት ነው። የእርዳታ ዱቄት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ዱቄቱ ከሌላ አገር መጣ፤ ምግቡን የራሳቸው ያደረጉት ግን እጃቸውና ብልሃታቸው ናቸው።

3. የትምህርት ቤት ምሳ

ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ልጆች በትምህርት ቤት የእርዳታ ዱቄት ወተት ይጠጡ ነበር፤ ከ1949 ጀምሮ ዩኒሴፍም ይህን ወተት ሰጥቷል። በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ በሕግ ተደነገገ። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በተራ ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው ምሳውን ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፤ ሲያበቃም ዕቃውን ይሰበስባሉ። ምሳው እንደ አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይቆጠራል። የጃፓን የአመጋገብ ባህል «ዋሾኩ» ደግሞ በ2013 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ተመዝግቧል።

4. የቤት ምግብ አሠራር፦ ኦያኮዶን

«ኦያኮ» ማለት «ወላጅና ልጅ» ነው። ዶሮዋና እንቁላሏ በአንድ ሳህን ስለሚገናኙ ይህ ስም ተሰጠው።

ለሁለት ሰው የሚያስፈልገው፦
• የበሰለ ሩዝ፣ 2 ጎድጓዳ ሳህን
• አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ፣ 200 ግራም
• ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ራስ
• እንቁላል፣ 3
• ዳሺ ወይም የዶሮ መረቅ፣ 1 ትንሽ ስኒ (150 ሚሊ ሊትር ያህል)
• የአኩሪ አተር ስጎ (ሾዩ)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
• ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ

አሠራር፦
1ኛ/ ሥጋውን በትንንሹ፣ ሽንኩርቱን በስሱ ክተፉ።
2ኛ/ መረቁን፣ ስጎውንና ስኳሩን በመጥበሻ አፍሉ።
3ኛ/ ሽንኩርቱንና ሥጋውን ጨምራችሁ ሥጋው እስኪበስል አብስሉ።
4ኛ/ እንቁላሉን በትንሹ መትታችሁ ከላይ አፍስሱና ክደኑት።
5ኛ/ ሲረጋ በትኩስ ሩዝ ላይ ገልብጡት።

ማስታወሻ፦ በጃፓን እንቁላሉን ለስለስ እንዳለ ያወጡታል። እኛ ግን ለጤንነታችን በደንብ እስኪረጋ እናብስለው። ሾዩ ካልተገኘ ጨው ይበቃል፤ ጣዕሙ ግን ይለያል።

5. ጥያቄዎች

1. «ኢቺጁ ሳንሳይ» ምን ማለት ነው?
2. በዘይት የተጠበሰ ኑድል በፈላ ውኃ ቶሎ የሚለሰልሰው ለምንድን ነው?
3. የሂሮሺማ ሰዎች በእርዳታ ዱቄት ምን ሠሩ?

የቤት ሥራ፦ እናታችሁን፣ አያታችሁን ወይም ጎረቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው አንድ የአገር ቤት ምግብ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ። «እንደ ልክህ ጨምር» ካሏችሁ፣ ሲሠሩ አጠገባቸው ሆናችሁ በማንኪያና በስኒ እየለካችሁ ጻፉ። ብዙዎቻችን አገራችንን ለቅቀን ስንመጣ ምጣዱና ሞሰቡ ቀርቷል፤ ሙያው ግን በሰዎቹ እጅ አብሮን መጥቷል። ያልተጻፈ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይጠፋልና ደብተራችሁን ይዛችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ።