የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅና አሳዳጊው

በገርጂ፣ በምኖርበት ሰፈር፣ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አለ። እኩዮቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ በአጥር ቀዳዳ ያያቸዋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ከወደቀ ወዲህ እናቱ ከትምህርት ቤት አስቀርታዋለች። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ከወደቀም ወራት አልፈዋል። ታዲያ ልጁን ያሰረው በሽታው ነው ወይስ ስለ በሽታው ያለው ሐሳብ?

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። የሚጥል በሽታ የሚነሣው በአንጎል ሕዋሳት መካከል የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ለጊዜው ሥርዓቱን ሲያጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ፈውሱ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉት ጥናት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በዚያም ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለበት፣ ከሕመምተኞቹም የታወቀውን መድኃኒት ያገኙት 1.6 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተገልጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በሚገባ ቢታከሙ ከ100 ሕመምተኞች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ ለመኖር ይችላሉ። ስለዚህ መድኃኒት ቀዳሚ ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒት ፍርሃትን አይሽርም። ለዚህ የሚረዳው ፈረንጆች ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚሉት የሐሳብና የጠባይ ሕክምና ነው። ከመሠረቱት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድባቴ ለያዛቸው ሰዎች አዘጋጀው።

አሠራሩን ለመረዳት እናቲቱን እንመልከት። ሐሳቧ «ከዓይኔ ከራቀ ይሞትብኛል» የሚል ነው። ከሐሳቡ ጭንቀት ይወለዳል፤ ጭንቀቱም በር ያዘጋል። ልጁ ካልወጣ ደግሞ ሐሳቧ እውነት ይሁን ሐሰት የሚፈተንበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ እየጸና ይሄዳል። አካሚው «አትፍሪ» ብሎ አይገሥጻትም። ሐሳቧን በደብተር እንድታሰፍር፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀና ምን እንደደረሰበት እንድትመረምር ያደርጋታል። ከዚያም በትንሽ በትንሹ መሞከር ይጀመራል፤ ዛሬ ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንቱ ከጓደኛ ጋር እስከ ሱቅ። ከእሳት፣ ከውሃና ከከፍታ መጠበቅ ግን ተገቢ ጥንቃቄ ነውና አይቀርም። ልጁም በበኩሉ «ሁሉም ይስቁብኛል» የሚለውን ሐሳብ እንዲሁ ይፈትነዋል።

ይህ ለሀብታም አገር ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በዩናይትድ ኪንግደም 334 ሕፃናትና ወጣቶች የተሳተፉበትና በ2024 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው። ምክሩን የሰጡት በሚጥል በሽታ ክሊኒኮች የሚሠሩ ሠራተኞች ሠልጥነው ነበር፤ ያውም በአብዛኛው በስልክና በቪድዮ። የልጆቹም የመንፈስ ጤና ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ተሻሽሏል። እንግዲህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ባነሰበት አገር የጤና ሠራተኛን ማሠልጠን ሊታሰብበት የሚገባ መንገድ ነው።

ባለፈው ሰሞን ይህን ሁሉ ለእናቲቱ ባስረዳት፣ «ትምህርት ቤት ቢወድቅ ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጥያቄዋ ግን ለእኛም ለተማሪዎች ነው። አጠገባችን ሰው ቢወድቅ በጎኑ እናስተኛው፤ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግለት፤ ባፉ ምንም አንክተት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው። ከነቃም በኋላ አጠገቡ እንቀመጥ። የእናት ሐሳብ የሚለወጠው በምክር ብቻ ሳይሆን ልጇን የማይሸሽ ሰው ስታይ ጭምር ነውና።